ያልዋጥኩት መድኃኒት

ሰቆጣ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ብዙ በማይርቅ ጠባብ ቤት ፀጉር አስተካክላለሁ። ስሜ ማሩ ነው። ሥራዬ ከሰው ፊት ጋር ያጠጋኛል፤ የምላጨው ሰው ትንፋሽ ይነካኛል፣ የኔም እሱን ይነካዋል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ያመመኝ በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ ስለሆነ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ነው፣ ሐኪሞቹ ቲቢ የሚሉት። ዛሬ ድኛለሁ። ነገር ግን የዳነ ሰው ደስታ ሳይሆን ኀፍረት ነው የሚያመዝንብኝ። ከእናንተ መካከል ሳሉን "ብርድ ነው" እያለ የሚያልፍ፣ ወይም መድኃኒት ጀምሮ ስለተሻለው ብቻ የዳነ የመሰለው ሰው ካለ፣ የምጽፈው ለእሱ ነው።

ሳሉ የጀመረኝ ክረምቱ ወጥቶ ገብስ በሚታጨድበት ሰሞን ነው። መጀመሪያ የፀጉር ብናኝ ነው አልኩ። ቀኑን ሙሉ የሰው ፀጉር ስቆርጥ እውላለሁ፤ በላዩ ላይ የመላጫ ፓውደር አንገት ላይ እነሰንሳለሁ፤ ጉሮሮዬን ቢከረክረኝ ምን ይገርማል? ደንበኞቼም ይቀልዱብኝ ነበር። "ማሩ፣ ሲጋራ ጀመርክ እንዴ?" ይሉኛል። እስቃለሁ፤ ሳቁ ራሱ ሳል ይሆንብኛል። ቀስ በቀስ ምግብ አስጠላኝ። ሱሪዬ ወገቤ ላይ አልቆም ሲል ቀበቶዬን በምስማር በሳሁት፤ ጥቂት ቆይቼ ሌላ ቀዳዳ ጨመርኩበት። ሌሊት በላብ ተነክሬ መንቃት ጀመርኩ። ባለቤቴ ዘውድነሽ ጠዋት ሸሚዜን እየጨመቀች "ይኸ የጤና አይደለም" ትለኛለች። እኔ ግን ጨለማው ውስጥ ጋደም ብዬ የምፈራው ሞትን እንኳ አልነበረም። ሰው ቢያውቅ ማን እፊቴ ይቀመጣል? እያልኩ ነበር የምገላበጠው።

ከመድኃኒት ቤት የሳል ሽሮፕ ገዛሁ፤ አልሆነም። ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ደም ወሰዱና "ታይፎይድም ታይፈስም አለብህ" አሉኝ። በአገራችን ትኩሳት ይዞት ሄዶ ይህን ሳይባል የተመለሰ ሰው አላውቅም። የታዘዘልኝን ጨረስኩ፤ ጥቂት ቀን ቀለል ብሎኝ እንደገና ተነሣብኝ። ሌላ ክሊኒክ ሄጄ ደግሞ "የሳንባ ምች ነው" ተብዬ መርፌ ታዘዘልኝ። ለመርፌው ዋጋ ስል ደንበኞቼ ኳስ የሚያዩበትን ቴሌቪዥን ሸጥኩት።

እናቴ ልትጠይቀኝ ከደሃና ወረዳ መጣች። ገና ስታየኝ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

"ዓይን ነው ልጀ" አለች። "ቀኑን ሙሉ መስተዋት ፊት ቆመህ ስንቱ ሲያይህ ይውላል።"

ጸበል ወሰደችኝ። ጸበሉን አላማም። እንዲያውም ደህናውን ጥያቄ የጠየቁኝ እዚያ ያገኘኋቸው ካህን ናቸው። "አክታህን ሐኪም አይቶታል?" አሉኝ። "ሐኪም ቤት ሄጃለሁ አባ" አልኳቸው። መሄዱንስ ሄጃለሁ። አክታዬን ግን ማንም አላየውም፤ እኔም እዩልኝ አላልኩም። የሚታየውን ፈርቼ ነበር።

በጥር፣ ሰርግ በሚበዛበት ጊዜ፣ አንድ ሙሽራ ሚዜዎቹን አስከትሎ ወደ ሱቄ ገባ። በማግሥቱ ነው ሰርጉ። እየተሳሳቁ፣ እየተጎነታተሉ አስቀመጡት። ነጩን ጨርቅ አንገቱ ላይ አሰርኩ፤ አረፋ ቀባሁት፤ አንድ ጉንጩን ጨርሼ ወደ ሌላው ልዞር ስል ሳሉ መጣብኝ። ፊቴን ላዞር ሞከርኩ፤ አልደረስኩም። ቀና ስል ነጩ ጨርቅ ላይ ደቃቅ የደም ነጠብጣብ አየሁ። ሙሽራውም በመስተዋቱ አየው።

"ቆረጥከኝ እንዴ?" አለና ጉንጩን ዳበሰ።

"ነስር ነው፣ ነስር ነው" አልኩ፤ አፍንጫዬንም ያዝኩ።

ደሙ ከአፌ እንደወጣ ግን ከሚዜዎቹ አንዱ አይቷል። "ተነሥ!" አለው። "ተነሥ እልሃለሁ፣ እንውጣ!" ሙሽራውን አረፋው ግማሽ ፊቱ ላይ እንዳለ እጁን ይዘው አወጡት። በር ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ አየኝ። የተቆጣ ሰው አስተያየት አልነበረም፤ የፈራ ሰው ነበር። ከዚያ በፊት ማንም ሰው ፈርቶኝ አያውቅም። ጨርቁን አጥፌ ከረጢት ውስጥ ከተትኩ፣ በሩን ዘጋሁ፤ በማግሥቱም ሆስፒታል ሄድኩ።

የሚያስሉ ሰዎች የሚቀመጡት ከሌላው ተለይቶ፣ ውጭ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ባለ አግዳሚ ላይ ነው። ነፋስ እንዲያገኘን ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም። ያኔ ግን ለአላፊ አግዳሚው ሊያሳዩን ያሰለፉን መሰለኝ። ማስኩን እስከ ዓይኔ ድረስ ሳብኩት። አጠገቤ ከሰሃላ በእግራቸው የመጡ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። ምን እንደሚያመኝ በኽምጥኛ ጠየቁኝ። "ጨጓራ ነው" ብዬ በአማርኛ መለስኩ።

"ጨጓራ እዚህ አይቀመጥም" አሉኝ እሳቸውም በአማርኛ፣ ሳይስቁ። ከዚያ ከኪሳቸው ቆሎ ዘግነው እጄ ላይ አደረጉልኝ። እስከ ከሰዓት በኋላ ድረስ ሌላ ቃል ሳንነጋገር አብረን ቆረጠምን። በዚያን ቀን ያገኘሁት ደግነት እሱ ነው፤ አልረሳውም።

አክታዬን በትንሽ ብልቃጥ ሰጥቼ ስጠብቅ ዋልኩ። ውጤቱን የነገሩኝ የቲቢ ክፍሉን የሚመሩት ሲስተር ሰናይት ናቸው። ሲስተር ጠና ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው።

"ቲቢ ነው ማሩ። ይድናል። የሚድነው ግን መድኃኒቱን በየቀኑ ስትውጥ ነው፤ ስድስት ወር ሙሉ። የተሻለህ ሲመስልህ ብታቋርጠው በሽታው ይመለሳል፤ ከዚያም መድኃኒቱን ይለምደውና አልበገርም ይላል።"

ከዚያ ከመሳቢያ ውስጥ መድኃኒቱ የሚቀመጥበት፣ የዳቦ ቁራሽ የሚያህል ነጭ የፕላስቲክ ሳጥን አወጡ። ውስጡ የስልክ ሲም አለው። ጠዋት በተሞላለት ሰዓት ይጮኻል፣ መብራትም ያበራል። ክዳኑ ሲከፈት ለእሳቸው ኮምፒዩተር መልእክት ይልካል፤ ያ ቀን አረንጓዴ ይሆናል። ካልተከፈተ ቀይ ይሆናል፤ ያኔ ይደውሉልኛል።

"ድሮ ቢሆን በየጠዋቱ እዚህ እየመጣህ እፊቴ ትውጥ ነበር" አሉ። "አሁን በዚህ እናያለን። ማንን፣ የቱ ቀን እንደሚከብደው ያሳየናል። ለመቆጣት አይደለም፤ ለማገዝ ነው።"

እኔ ከዚህ ሁሉ የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በየጠዋቱ ሰው እያየኝ ወደዚያ አግዳሚ መመለስ ቀረልኝ። ሳጥኑን ጋቢዬ ውስጥ ደብቄ ልወጣ ስል "ባለቤትህንና ልጅህን ደግሞ አምጣቸው" አሉኝ። "አብረውህ የሚተነፍሱ ሰዎች መታየት አለባቸው። ልጅቱ ባይዛት እንኳ የመከላከያ መድኃኒት እንሰጣታለን።"

ለዘውድነሽ ስነግራት አላለቀሰችም። የመጀመሪያ ጥያቄዋ "ለማን ተናገርክ?" የሚል ነበር።

"ለማንም።"

"እሰይ" አለች፤ የልጃችንን ፍራሽም ወደ ማዶ ግድግዳ ጎተተችው።

እሷ ሄዳ ተመረመረች፤ ምንም አልተገኘባትም። ልጃችን ሶስና ግን ገና ትምህርት ቤት ያልገባች ትንሽ ናት። "ሳል የለባት፣ ትኩሳት የለባት" አለች ዘውድነሽ። "እዚያ አግዳሚ ላይ አስቀምጬ ስም ላወጣላት ነው? ነገ ማን ያጫውታታል?" ልከራከራት እችል ነበር። ሲስተር የነገሩኝን የሰማሁት እኔ ነኝ። ዝም ያልኩት ግን እኔም ልጄ እንዳትታይ ስለፈለግኩ ነው። ሲስተር ሲጠይቁኝ "ደሃና አያቷ ዘንድ ናት" አልኳቸው። በሌላ ጊዜም ሲጠይቁኝ ያንኑ ደገምኩ። ሶስና በዚያ ሰዓት ጓሯችን ውስጥ ጭቃ እያቦካች ትጫወት ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሱቁን ዘግቼ ቤት ተቀመጥኩ። "ማሩ አገር ቤት ሄዷል" ተባለ። ሽንቴ እንደ ቀይ ሥር ውሃ ቀላ፤ ከመድኃኒቱ እንደሆነ አስቀድመው ነግረውኝ ስለነበር አልደነገጥኩም። ላቡ ቀረ። ምግብ መብላት ጀመርኩ። አሁን ሰው ላይ የማስተላለፍ ነገርህ እየቀነሰ ነው፣ ማስክ አድርገህ በሩን ክፍት እያደረግክ መሥራት ትችላለህ ብለው ሲስተር ሲፈቅዱልኝ ሱቁን ከፈትኩ። ማስኩን ለጠየቀኝ ሁሉ "ለብናኙ ነው" እላለሁ።

የመድኃኒቱን ሳጥን ቤት ውስጥ የልብስ ሣጥናችን ላይ አስቀምጬው ነበር። ጠዋት ሲጮኽ እነሣለሁ፣ እውጣለሁ፣ ወደ ሥራ እሄዳለሁ። የተቸገርኩት በገበያ ቀን ነው። ከደሃናም ከሌላውም ወረዳ ሰው በማለዳ ይገባል። ተላጭቶና ተስተካክሎ ገበያ ለመውጣት የሚቸኩለው ሁሉ ሱቄ በር ላይ ይሰለፋል፤ ለሱቁ ከሌላው ቀን ሁሉ የሚበልጠው ያ ጠዋት ነው። መድኃኒቱ ደግሞ በባዶ ሆድ ሲዋጥ ያቅለሸልሸኛል። አንድ የገበያ ቀን የአንድ ገበሬ ፂም እየላጨሁ ሳለ ወደ ላይ አለኝ፤ ምላጩን ጥዬ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። ስመለስ ሰውዬው ሄዷል። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሳጥኑ እየጮኸ ጥዬው ወጣሁ። ማታ እውጠዋለሁ አልኩ። ማታ ደክሞኝ ተኛሁ።

የዚያን ዕለት ሲስተር ደውለው ነበር፤ እጄ በአረፋ ተነክሮ አላነሣሁትም። በማግሥቱ እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ከሆስፒታሉ አንድ ሠራተኛ በሞተር ብስክሌት ቤት ድረስ መጥቶ እንደነበር ዘውድነሽ ነገረችኝ። "ሁለተኛ አትዝለል" አለችኝ፣ ፊቷን ሳታዞር። ሌላ ምንም አልነገረችኝም። እሺ አልኳት፤ ሁለት ገበያም ቃሌን ጠበቅኩ።

ከዚያ ደህና ሆንኩ። ችግሬ እዚህ ላይ ነው የጀመረው። ጉንጬ ሞላ፤ ቀበቶዬም ወደ ዱሮው ቀዳዳ ተመለሰ። ደህና የሆነ ሰው በገበያ ቀን ማቅለሽለሽን ለምን ይጋብዛል? እንደገና ዘለልኩ። ስልኬ ይጮኻል ብዬ ስጠብቅ ዋልኩ፤ ማንም አልደወለም። በሚቀጥለውም ዘለልኩ፤ ማንም አልደወለም። ኔትወርኩ ተበላሽቷል፣ ወይም እነሱም ሰልችቷቸዋል አልኩ። ማንም ካልተቆጣኝ ነገሩ ያን ያህል አይከፋም ማለት ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሳጥኑ ውስጥ የሚተርፈውን መድኃኒት እያየሁ እንዳላየ እዘጋዋለሁ።

የሁለት ወሩ ምርመራ ደረሰና አክታዬን ሰጠሁ። ለውጤቱ ስመለስ እንደ ጨረሰ ሰው ነበር የገባሁት። ሲስተር ከአንድ ወጣት ሐኪም ጋር ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጠው ነበር፤ ገና ሳያቸው ነገሩ ደህና አለመሆኑ ገባኝ።

"ተሕዋሱ አሁንም አለ" አለኝ ሐኪሙ። "ይኸ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ናሙናህን ወደ ትልቁ ላቦራቶሪ እንልካለን። ከሆነ ሕክምናው ረጅም ነው፤ ከቤተሰብህ ርቀህ ሌላ ከተማ መተኛት ይኖርብሃል። አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ መድኃኒቱን ዘለህ ታውቃለህ?"

አፌን ሳልከፍት ሲስተር ቀደሙኝ።

"ይኸ ሰው?" አሉ። ኮምፒዩተሩን ወደ እሱ አዞሩት። "እይ እንጂ! መጀመሪያ ላይ ካለችው አንዲት ቀይ በቀር ሁሉም አረንጓዴ ነው። አዲስ ለሚጀምሩት ሁሉ የማሳየው የእሱን ነው። መድኃኒቱ ነው የከዳው እንጂ እሱስ አልከዳም።"

እኔም አየሁት። ቀኖቹ እንደ ግድግዳ ላይ ቀን መቁጠሪያ በሰልፍ ተደርድረዋል። ዓይኔ በቀጥታ የሄደው ወደ ገበያ ቀኖቹ ነው። አረንጓዴ ናቸው። እጄ ሳጥኑን ባልነካባቸው ቀኖች ሁሉ አረንጓዴ ናቸው። እነዚያን ቀኖች የከፈተው ማን ሊሆን እንደሚችል ለማወቅ ማሰብ አላስፈለገኝም፤ ቤታችን ውስጥ ሌላ ትልቅ ሰው የለም።

"አልዘለልኩም" አልኩ።

ሲስተር ትከሻዬን መታ መታ አድርገው "አይዞህ፣ አንተ የድርሻህን ተወጥተሃል" አሉኝ። እዚያ አግዳሚ ላይ ሳፍር አፍሬ ነበር፤ ሙሽራው ፊትም አፍሬ ነበር። ያ ሁሉ ግን ከዚያች ቃል ጋር አይወዳደርም።

ቤት ስገባ ዘውድነሽ ሽሮ እያማሰለች ነበር። ሐኪሙ ያለውን ነገርኳት። ማንኪያውን አስቀመጠች።

"እኔ ነኝ የምከፍተው" አለች።

"አውቄዋለሁ።"

"ስትወጣ ይጮኻል። ከፍቼ እዘጋዋለሁ። መድኃኒቱን አልነካሁም፤ ማታ ትውጠዋለህ ብዬ ነበር። ትውጠው እንደሆነ ግን አንድ ቀንም ቆጥሬ አላየሁም። መቁጠሩን ፈራሁ።"

"ለምንድን ነው ያልነገርሽኝ?"

"አንተስ ምን ነገርከኝ? ያ ባለ ሞተሩ የመጣ ዕለት ምን እንደሆነ ጠይቀኸኛል?"

አልጠየቅኳትም። ያኔ ነገረችኝ። ሰውዬው ማስኩን እንዳደረገ ግቢ ገብቶ አከራያችንን እትዬ ካሰችን "ማሩ የሚባለው የቲቢ ታካሚ የሚኖረው እዚህ ነው?" ብሎ ጠይቋቸዋል። ክፋት አስቦ አይደለም፤ አልተጠነቀቀም። በዚያው ቀን እትዬ ካሰች ዘውድነሽ የምትጠጣበትን ኩባያ ለየት አድርገው አስቀመጡ። በሳምንቱ የማኅበር ድግስ ላይ ሴቶቹ ሊጥ ሲያቦኩ እጇን ልትሰድ ስትል አንዷ ያዘቻትና "አንቺ ውሃ ብቻ ቅጅልን" አለቻት፤ በፈገግታ ነው ያለቻት። ከሶስና ጋር የሚጫወቱት የጎረቤት ልጆችም አንድ በአንድ ወደ ቤት ተጠሩ።

"እኔ ታማሚ አይደለሁም" አለች። "ተመርምሬያለሁ። ለማን ላሳይ? አንተ ሱቅህ ውስጥ ከሰው ጋር ስትሳሳቅ ትውላለህ፤ እኔ እዚህ ግቢ ነኝ። ያ ሳጥን ቀይ ከሆነ ሰውየው ተመልሶ ይመጣል። እንዳይመጣ ከፈትኩት።"

አንድ ግቢ ውስጥ እየኖርን ሚስቴ ከሰው ተለይታ ስትውል አላየሁም። እውነቱን ልናገር፤ በዚያች ሰዓት እንኳ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። ዝም ብል ማን ያውቃል? ውሸታም ከምባል መድኃኒት የከዳው ሰው ልባል፤ ወደ ሩቁ ሆስፒታል ልሂድ፣ ረጅሙን ሕክምና ልውሰድ። ሐሳቤን ፊቴ ላይ ሳታነበው አልቀረችም።

"ነገ አብረን እንሄዳለን" አለች። "አንተ መናገር ካቃተህ እኔ እነግራቸዋለሁ።"

ሶስናን የምንተውላት ሰው ስላልነበረ ይዘናት ሄድን። ሲስተር ክፍል ገብተን ስንቀመጥ ዘውድነሽ ነጠላዋን አስተካክላ ጀመረች፤ እኔ ግን አቋረጥኳት። "የዘለልኩት እኔ ነኝ ሲስተር" አልኩ። "በየገበያው ቀን። ትናንትም የዋሸሁዎት እኔ ነኝ።" ከዚያ እሷ የራሷን ተናገረች፤ ሞተሩን፣ ኩባያውን፣ ሊጡን። ሲስተር አንድ ጊዜም አላቋረጧትም። ስትጨርስ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

"እኔ ሳጥኑን አምኜ አንተን መጠየቅ ትቻለሁ" አሉ በመጨረሻ። "እሱ የሚያውቀው የክዳኑን መከፈት ብቻ ነው። ሰውዬውን ወደ ቤትህ የላክሁትም እኔ ነኝ።" ወደ ዘውድነሽ ዞረው "ይቅርታ አድርጊልኝ" አሏት። እሷ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው፤ ከታመምኩ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ።

እኔ ተቆጥተው ቢያባርሩኝ ይቀለኝ ነበር። እሳቸው ግን ወረቀትም ኮምፒዩተርም ሳያዩ የገበያ ቀን ጠዋቴ እንዴት እንደሚውል ከመነሻው ጠየቁኝ። ማቅለሽለሹን ስነግራቸው "ይህን ለምን ያኔ አልነገርከኝም? ትንሽ ዳቦ ቀምሰህ መዋጥ ትችል ነበር እኮ" አሉኝ። የሳጥኑን ሰዓት በገበያ ቀን ሱቁ ጭር ወደሚልበት ወደ ከሰዓት በኋላ አዛወሩት። ከእንግዲህ ማንም ወደ ቤታችን እንደማይመጣ፣ ቀይ ከሆነ እሳቸው ራሳቸው እንደሚደውሉ፣ እኔ ካላነሣሁ ለዘውድነሽ እንደሚደውሉ ተስማማን።

ሶስና ይህ ሁሉ ሲሆን የናቷ ጉልበት ላይ ተቀምጣ የሲስተርን ነጭ ጋውን ቁልፍ ትነካካ ነበር። ሲስተር አቀፏት፤ እያጫወቷት አንገቷን ዳበሱ። እጃቸው ከጆሮዋ ዝቅ ብሎ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

"ይቺ እብጠት ከመቼ ጀምሮ ናት?" አሉ።

ዘውድነሽ "የጥርስ መስሎኝ ነበር" አለች። እኔ ጭራሽ አላየኋትም ነበር።

ከእብጠቱ በመርፌ ወስደው መረመሩት። ቲቢ ነው፤ የእጢ ቲቢ፣ ልጆች አንገት ላይ የሚወጣው። ያኔ ገና መጀመሪያ አምጣት ሲሉኝ ባመጣት የመከላከያውን መድኃኒት ትወስድ ነበር፤ ምናልባት አትታመምም ነበር። ሐኪሙ "ምናልባት" አለኝ፤ ሊያጽናናኝ። እኔ ግን "ደሃና አያቷ ዘንድ ናት" ያልኩበት ድምፅ ነው ጆሮዬ ላይ የቀረው።

የኔ ናሙና ውጤት ሲመጣ መድኃኒቱን የተላመደ አልነበረም። የዘለልኳቸው ቀኖች ተሕዋሱን አቆይተውት እንጂ መድኃኒቱ አልከዳኝም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት መድኃኒት ጥቂት አራዘሙብኝና ከዚያ ወደ ቀሪዎቹ ወራት መድኃኒት አለፍኩ። ሳጥኑ ይጮኻል፤ እከፍታለሁ፤ ዘውድነሽ ቆማ ስውጥ ታየኛለች፤ እኔ ደግሞ የሶስናን መድኃኒት በማንኪያ ውሃ በጥብጬ አጠጣታለሁ። የልጆቹ እንደ ከረሜላ ይጣፍጣል። አንዳንድ ቀን ከእኔ ቀድማ ሳጥኑ ፊት ቆማ ትጠብቀኛለች። የኋለኛው ምርመራዬ ንጹሕ ሆነ፤ የሶስና እብጠትም እየሟሸሸ ሄደ። እናቴ መጥታ ይህን ስታይ "ዓይኑ ለቀቀህ" አለች፤ አልተከራከርኳትም። ኩባያዋን ግን ከኔ ኩባያ ጋር አብሬ አጥቤ ስሰጣት ሳታመነታ ጠጣችበት።

ጎረቤቶቻችን አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተመለሱም። ሶስና የሚያጫውታት ስላልነበረ ወደ ሱቅ ይዣት መምጣት ጀመርኩ። አንድ የገበያ ቀን ሱቁ ሞልቶ፣ አንድ ሽማግሌ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው አናታቸውን እየላጨሁ ሳለ፣ ተራ ከሚጠብቁት አንዱ ሊያጫውታት ብሎ "አንገትሽን ምን ሆነሽ ነው?" አላት፤ መርፌው የገባበት ቦታ ትንሽ ጠባሳ ትቶባት ነበር።

"ቲቢ ነበረብኝ" አለች፣ ጮክ ብላ። "መድኃኒቴ ከረሜላ ከረሜላ ይላል። አባቴም አለው፤ የሱ ግን ይመራል።"

የተቀመጡት ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። እጄ ሽማግሌው አናት ላይ ቆመ። ለስንቱ "ብናኝ ነው"፣ "ነስር ነው"፣ "ጨጓራ ነው" እንዳልኩ ታውቃላችሁ። አራተኛ ውሸት አፌ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ልጅ ናት፣ ትቀላምዳለች ልል ነበር። ልጄ ቀና ብላ ታየኛለች።

"እውነቷን ነው" አልኩ። "ቲቢ ነበረብኝ። እሷንም ያስያዝኳት እኔ ነኝ። አሁን ተመርምሬያለሁ፣ ወደ ሰው አይተላለፍም። ያኔ ግን እያሳልኩ ስንቶቻችሁን አስተካክያለሁ፤ ሳል ያለበት ሰው ካለ ሄዶ አክታውን ያስመርምር።"

በር አካባቢ ከነበሩት ሁለቱ ሳይናገሩ ወጡ። የቀሩት ጫማቸውን ያያሉ። እኔም ምላጩን እንደያዝኩ የሽማግሌውን መነሣት እጠብቃለሁ፤ ቢነሡም አልፈርድባቸውም።

እሳቸው በመስተዋቱ ውስጥ ግማሹ የተላጨ ግማሹ ያልተላጨ አናታቸውን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ።

"ታዲያ ጨርሰኛ ልጀ" አሉ። "መኪናው ጥሎኝ ሊሄድ ነው።"